ከለቅሶ የቀረው ካሜራማን

ምንይችል አጭር ፊልም ይሠራል። መተማ ላይ አጭር ፊልም መሥራት ማለት ፊልሙ አጭር፣ ንትርኩ ረዥም ማለት ነው። ስቱዲዮው ከአንድ የሰሊጥ መጋዘን ጎን የተለጠፈች ክፍል ናት፤ የሰሊጡ ብናኝ በበሯ፣ የሱዳን አቧራ በመስኮቷ፣ ሙቀቱ ደግሞ ሳያንኳኳ በአራቱም ግድግዳ ይገባባታል። ሚያዝያ ሲመጣ ካሜራው ከባለቤቱ ቀድሞ ራሱን ይስታል። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለልና ዚር በሚባሉት ሁለት ትልልቅ የውሃ ማድጋዎች መካከል እንደ አራስ ይተኛል፤ ባለቤቱ ግን ውጭ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። «እኔ ብታመም እናቴ አለች፤ ካሜራው ቢታመም ማን አለው?» ይላል ሲጠየቅ።

ሥራ አጥቶ አያውቅም። የወጣቶች የቴአትር ክበብ ስለ ወባ የአምስት ደቂቃ ፊልም አሠርቶት ነበር። የወባ ትንኟን ሆኖ የተጫወተው ሰው የክበቡ ሊቀመንበር ስለነበረ በመጨረሻው ትዕይንት አልሞትም አለ። አጎበር ተዘረጋበት፤ አልሞተም። መድኃኒት ተረጨበት፤ አስነጠሰው እንጂ አልሞተም። «በጥቅምት የተመረጠ ሊቀመንበር በኅዳር አይሞትም!» ብሎ ድርቅ አለ። ፊልሙም በትንኟ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ጎረቤት ከተማዋ ሸሕዲ ላይ ሲታይ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበላት ይባላል።

ማሲንቆ መቺው ደረበ ደግሞ ለፍቅር ዘፈኑ ክሊፕ ሲያሠራ «ዝናብ ካልጣለልኝ ድምፄ አይወጣም» አለ። ወሩ መጋቢት ነበር። መተማ ላይ በመጋቢት ዝናብ መጠየቅ ከድንጋይ ቅቤ እንደ መናጥ ነው። ቢሆንም ምንይችል ከመንገድ ሠራተኞች የውሃ ቦቴ ለምኖ አመጣ። ሾፌሩ ቱቦውን ሲለቀው ደረበ ከነማሲንቆው ተንሸራትቶ፣ ያለ ፓስፖርት ሱዳን ሊገባ ሦስት ክንድ ሲቀረው በአጥር ተያዘ። ውሃ መጣ ሲባል የሰማው ሰፈር ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ከኋላው ተሰለፈ። ክሊፑ ላይ ደረበ በናፍቆት እየነደደ ይዘፍናል፤ ከበስተኋላው አርባ ሰባት ቢጫ ጀሪካን ተራ ይጠብቃል። አንድ የውሃ ኮሚቴ «ማስተማሪያ ይሁነን» ብሎ ወስዶታል።

«ስሜን አጠፋኸው» አለው ደረበ።

«ስምህንማ ውሃው ወሰደው፤ እኔ ምን አደረግሁ?»

የምንይችልን ኑሮ ያመሰቃቀለው ግን ትንኝም ቦቴም አይደለም። እድር ነው።

የሰሊጥ ተራ እድር ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር የሰባት ደቂቃ ፊልም ይሠራልኝ አለ። አባላቱ ሁለት መቶ ዐሥር ናቸው፤ ሁለት መቶ ዐሥሩም «እኔ ካልታየሁበት ፊልም አይደለም» አሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ እንግዳው ናቸው። ጋሽ እንግዳው በልጅነታቸው ከደጋ ወርደው ጫካ መንጥረው ሰሊጥና ማሽላ ያመረቱ፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ የሚሄድ ትራክተር የሚያቆም ሽማግሌ ናቸው። ክርክሩን በአንድ ቃል ገላገሉት። «በእድር ትልቅ ትንሽ የለም! ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሴኮንድ!»

ጀንበር እንደጠለቀች ፊልሙ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ታየ። ሁለት መቶ ዐሥር ፊት በየሁለት ሴኮንዱ እንደ ጥይት ተተኮሰ። ታሪክ የለው፣ ዘፈን የለው፣ መጀመሪያና መጨረሻ የለው። ሁሉም የራሱን አይቶ የሌላውን ስለረሳ «እንዲህ ያለ ፊልም ጎንደርም አልተሠራ» ተባለ።

መዘዙ ከዚያ መጣ።

እድሩ የቆየ ሕመም ነበረበት፤ የስም ጥሪ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሰው ሁሉ እርሻው ላይ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ አንድ ቀን ከዘገዩበት ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ ለቅሶ ላይ ጸሐፊው ቢሆነኝ ስም ሲጠራ አንዱ ለዐሥራ አንድ ጎረቤቱ «አቤት» ይላል። አንድ ጊዜማ ሟቹ ራሱ በስሕተት ተጠርቶ ሦስት ሰው «አቤት» ብሎለታል።

ጋሽ እንግዳው በፊልሙ ማግስት ጉባኤ ጠሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስም አይጠራም» አሉ። «ምላስ ይዋሻል፣ ካሜራ አይዋሽም። ምንይችል ለቅሶውን ሁሉ ይቀርጻል፤ ቢሆነኝ ፊልሙን እያየ ይመዘግባል። የታየ መጥቷል፣ ያልታየ ቀርቷል። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። ምስክር አለኝ የሚለኝም እንዳይኖር፤ የእናንተን ምስክርነት ሠላሳ ዓመት ቀምሸዋለሁ!»

ተጨበጨበ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ምንይችል ነበር፤ ሥራ ተገኘ ብሎ።

ስምንት ወር ቀረጸ፤ ዐሥራ አራት ለቅሶ። ፀሐይ አናቱን እየቀቀለው፣ እርጥቡን ጆንያ ካሜራው ላይ እየደረበ፣ ከድንኳን ድንኳን ዞረ። የሰዉም አለቃቀስ ተለወጠ። ወደ ሟቹ ዞሮ የሚያለቅስ ጠፋ፤ ሁሉም ወደ ሌንሱ ሆነ። የወንድሙን ሬሳ የሚሸኝ ሰው እንኳ እጁን እያነሣ «ምንይችል! ጥላ ውስጥ ነበርሁ፤ ቆይ ወደዚህ ልውጣና እንደገና ላልቅስ» ይለው ጀመር። ምንይችልም የሰው ልጅ ነውና ይደግምለታል።

አንድ ቀን ቢሆነኝ ወረቀት ይዞ ስቱዲዮው በር ላይ ቆመ።

«ምንይችል፣ ደብዳቤ አለህ።»

«የሥራ ነው?»

«የስረዛ ነው። ከዐሥራ አራቱ ለቅሶ ዐሥራ አራቱንም ቀርተሃል።»

«ማን? እኔ? ማን ቀርጾት ነው ታዲያ?»

«እሱን አላውቅም። ፊልሙን አንድ ባንድ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ አይቸዋለሁ። የለህም።»

«ኧረ ቢሆነኝ! አጠገቤ ቁመህ አልነበር? ጋቢህ ሌንሱ ላይ እየወደቀ ሰብስብ፣ ሰብስብ ስልህ አልነበር?»

«ነበርህ።»

«እና?»

«ፊልሙ ላይ የለህማ። እኔ ጸሐፊ ነኝ ወንድምዓለም፤ ያየሁትን እንጂ የማውቀውን አልጽፍም። ጉባኤው አጨዳ እንዳለቀ ነው። እስከዚያ መቃወሚያ ካለህ በፊልም አቅርብ» ብሎት ሄደ።

ምንይችል ብቻውን ቢሆን ይሥቅ ነበር። ችግሩ እናቱ ናቸው። አባቱ ሲሞቱ የእድሩ አባልነት ወደ እሱ ተላልፎ፣ እናቱ እትየ ባየሽ በልጃቸው ስም ሥር ተጠቃለዋል። ልጁ ከተሰረዘ እናትየውም ከመዝገብ ይወጣሉ፤ ሲሞቱ ድንኳን የሚተክል፣ ጡሩንባ የሚነፋ፣ ሬሳቸውን የሚያነሣ የለም ማለት ነው። እትየ ባየሽ ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የቀብራቸውን ሥነ ሥርዓት እንደ ሠርግ አሰናድተው ጨርሰዋል። የተቀደደው ድንኳን ሳይሆን አዲሱ ሸራ እንዲተከል፣ ንፍሮው ሽምብራ እንዲበዛበት፣ ሦስት ዓመት ያኮረፈቻቸው ጎረቤታቸው ደግሞ ከፊት ረድፍ ሁና እንድታለቅስ ተናዝዘዋል።

ደብዳቤው ሲነበብላቸው ደረታቸውን መቱ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ንፍሮ ቀቅዬ፣ እኔ ያለ ድንኳን እንደ ወፍ ልቀበር?»

«እናቴ፣ አልሞትሽም እኮ።»

«ድንኳን ሳይኖረኝ በምን አንጀቴ ልሙት!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳል ባሳላቸው ቁጥር ወደ እሱ ዞረው «ሰማህ?» ይሉት ጀመር። በማግስቱ ሳይስሉም «ሰማህ?» አሉት። ሳምንት ሳይሞላው ምንይችል ዶሮ ሲያስነጥሳት ይደነግጥ ጀመር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በቀጣዩ ለቅሶ ካሜራውን በሰሊጥ ኩንታል ላይ በሦስት እግሩ አቁሞ፣ በእርጥብ ጆንያው አልብሶ፣ ቁልፉን ተጭኖ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። መካከል ገብቶ ከሁሉ በላይ አለቀሰ፤ ሟቹን በቅጡ አያውቀውም። ምንይችል ከዚያ የሆነውን ያወቀው ቢሆነኝ ፊልሙን ሲከፍት ነው። እርጥቡ ጆንያ የአንዲት ፍየል ዓይን ገብቶ ኖሯል። ካሜራው ከነኩንታሉ ተገለበጠና ለአርባ አምስት ደቂቃ የቀረጸው የፍየሏን አፍንጫ ብቻ ሆነ።

ቢሆነኝ መዝገቡን ከፍቶ «የተገኘ፦ ፍየል፣ አንድ። የቀሩ፦ አባላት በሙሉ» ብሎ ጻፈ።

መተማ ተናወጠች። ሁለት መቶ ዐሥሩም በአንድ ቀን ቀሪ ሆኑ። የሟቹ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ «ሰውየው ሙቷል ወይስ አልሞተም? ተዝካር መደገስ አለብን፣ ቁርጡን ንገሩን» አለ። ጋሽ እንግዳው ሦስት ቀን አስበው «ለቅሶው ለመዝገቡ ሲባል እንዳልነበረ ይቆጠር፤ ሰውየው ግን እንደሞተ ይቆይ» ብለው ፈረዱ።

ምንይችል ተስፋ አልቆረጠም። ከድሮዎቹ ፊልሞች አንዱን አገላብጦ ማስረጃ አገኘ። የጠዋት ቀብር ነው፤ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ስለቀረጸ ጥላው እስከ ሬሳው ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ ራሱ ላይ ካሜራ የበቀለበት ረዥም ሰው። ሽማግሎቹን ሰብስቦ አሳያቸው።

ጋሽ እንግዳው ወደ ግድግዳው ተጠግተው ጥላውን በከዘራቸው ነካኩት።

«ጥላ ሬሳ ይሸከማል?»

«አይሸከምም፣ ጋሼ።»

«ንፍሮ ይበላል?»

«አይበላም።»

«እንግዲያ አባል አይደለም» ብለው ተቀመጡ።

ምንይችል እግሩ እየጎተተው ከደረበ ጋር ሳጂድ ሻይ ቤት ገባ። ሳጂድ የእድሩ አባል ስላልሆነ መተማ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ጤነኛ ሁኖ የቀረ ብቸኛ ሰው ነው። ከርከዴ ከሚባለው ቀይ የአበባ ሻይ ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ አስቀመጠላቸውና ታሪኩን እስከ ፍየሏ ድረስ አስደገማቸው፤ የፍየሏን ሁለት ጊዜ።

«በሩን ከውጭ ትገፋላችሁ» አለ በመጨረሻ። «የሕግ በር ከውጭ ሲገፉት አይከፈትም። ዳኛውን አስገብታችሁ ከላዩ ላይ ዝጉበት፤ ራሱ ይሰብረዋል።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ካሜራውን ለጋሽ እንግዳው ስጣቸዋ!»

ደረበ ብርጭቆውን አስቀምጦ የሳጂድን ግንባር ሳመ።

ምንይችል በማግስቱ ጋሽ እንግዳው ቤት ሄደ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጋሽ እንግዳው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ። ለሚቀጥሉት ለቅሶዎች ክንዱ የጸና፣ ዓይኑ የማይስት ሰው ባገኝ ብየ ነበር። ግን በዚህ ዘመን የት ይገኛል ብለው ነው…»

ሽማግሌው ክንዳቸውን ገልጠው አዩት። «ይህ ክንድ ሞፈር ሲይዝ አንተ አልተወለድህም። አምጣው እስቲ፤ የቱን ነው የምጫነው?»

ካሜራው ጋሽ እንግዳውን እንደ አዲስ ፍቅር ያዛቸው። በመጀመሪያው ለቅሶ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሻርፕ ግንባራቸው ላይ አስረው መጡ። «ቀኝ ረድፍ፣ ድምፅ ጨምሩ! ግራዎች፣ ተራችሁ ሲደርስ! ባየሽ፣ ደረትሽን ከመምታትሽ በፊት ወደ ብርሃኑ ውጪ!» እያሉ ለቅሶውን እንደ ሰልፍ መሩት። በሁለተኛው ሬሳው ከግቢ ሲወጣ ስላመለጣቸው «ይመለስና እንደገና ይውጣ፤ በደንብ አልያዝሁትም» አሉ። ተመለሰ። እንደገና ሲወጣ አንዲት ዝንብ ሌንሱ ላይ አረፈች። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእናታችሁ!» ተሸካሚዎቹ አራተኛው ላይ «ሟቹም ደከመው፣ ጋሼ» አሉ። በሦስተኛው ቀብር ላይ ከላይ ለመቅረጽ ዛፍ ላይ ወጥተው ሰዉ በመሰላል አወረዳቸው።

ምንይችልስ? ምንይችል ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮውን ይቆረጥማል። በሦስቱም ፊልም ላይ ፊቱ እንደ ጨረቃ ተሥሏል።

አጨዳው አለቀ፤ የጉባኤው ቀን ደረሰ። ሰው ሁሉ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። ቢሆነኝ መነጽሩን ጠርጎ መዝገቡን ከፈተ።

«ሦስትና ከዚያ በላይ ለቅሶ የቀሩና የሚሰረዙ አባላት። አንደኛ፣ አቶ ምንይችል፣ ዐሥራ አራት። ሁለተኛ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለተኛ፣ አቶ እንግዳው፣ ሦስት።»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ እንግዳው ዞረ።

«ማንን አልህ?» አሉ ጋሽ እንግዳው።

«እርስዎን።»

«ዛፍ ላይ ወጥቼ? በመሰላል አውርዳችሁኝ?»

«ዛፉ ይታያል፣ ጋሼ። እርስዎ አይታዩም።»

ደረበ ሣቁን ለመዋጥ ማሲንቆውን ነከሰው። ጋሽ እንግዳው ቀሉ፣ ጠቆሩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ጉባኤ!» አሉ፤ አንድ ትራክተር ከሩቅ ቆመ። «ካሜራ የያዘ ሰው ከሁሉ በላይ ለቅሶውን ያየ እሱ ነው። ዓይኑ ከመጣ እሱም መጥቷል። ካሜራ የያዘ እንደተገኘ ይቆጠር! ጻፍ፣ ቢሆነኝ!»

ተጨበጨበ። ምንይችል ብድግ ብሎ ሊዘልል ምንም አልቀረው።

«እሰይ፣ ጋሼ! እንግዲያ የእኔም ዐሥራ አራቱ…»

«ተቀመጥ። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም።»

«የእርስዎ ሦስቱ ለቅሶስ? ያለፈ አይደለም?»

ጋሽ እንግዳው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የእኔ ወደ ኋላ አይደለም የሠራው» አሉ፤ «ወደ ጎን ነው።»

ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ስለከበደው ትክክል መሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ቢሆነኝ የምንይችልን ስም ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አነሣ። ምንይችል ወደ ሴቶቹ ወገን አየ። እናቱ አልሳሉም፣ «ሰማህ?» አላሉም። ከዘራቸውን ተደግፈው እየተነሡ ነበር።

«አንተ እንግዳው» አሉ እትየ ባየሽ፤ ከደጋ አብረው የወረዱ እኩያ ናቸውና አንቱታ አያውቁም። «እኔ ነገር አላበዛም። ቢሆነኝ፣ እስቲ በእነዚያ በዐሥራ አራቱ ለቅሶ እኔን አይተኸኛል?»

ቢሆነኝ ገጹን ገለጠ። «በዐሥራ አራቱም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እንዲያውም ሌላው ሁሉ ብልጭ ብሎ ሲያልፍ እርስዎ የማይጠፉባቸው አሉ።»

ምንይችል አንገቱን ደፋ። ለካ ራሱም ሳያውቀው ሌንሱ ዞሮ ዞሮ እናቱ ላይ ያርፍ ኖሯል፤ ፀሐይ በረታባት ይሆን፣ ውሃ ጠማት ይሆን፣ ወንበር አገኘች ይሆን እያለ። ዐሥራ አራት ለቅሶ ቀረጽሁ ያለው፣ አንድ ሴትዮ ነው የቀረጸው።

«እንግዲያ ልጄን ሰርዙትና እኔን መዝግቡኝ» አሉ እትየ ባየሽ። «እሱ በእኔ ስም ይጠቃለል። ዐሥራ አራት ለቅሶ የመጣሁት እኔ፣ ንፍሮ የቀቀልሁት እኔ! ይህን የሚከለክል አንቀጽ ካለ አንብብልኝ።»

ቢሆነኝ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ፈለገ። ጋሽ እንግዳው ራሳቸው መነጽሩን ተቀብለው ፈለጉ። የለም። ደንቡን የጻፉት ወንዶች እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡም። ጸደቀ። እትየ ባየሽ የአዲሱን ሸራ ቀለም አጣርተው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ደረበ አዲስ የፍቅር ዘፈን ሊቀረጽ የታጨደ የሰሊጥ ማሳ መካከል ቆመ። ዝናብ አልጠየቀም፤ ከቦቴው ወዲህ ውሃ ሲያይ ይሸሻል። ምንይችል ካሜራውን ከጋሽ እንግዳው ለምኖ፣ «ከነገ ወዲያ ለቅሶ አለብኝ፤ እንዳታዘገየው» ተብሎ ነው ያመጣው። ቁልፉን ሊጫን ሲል በሌንሱ ውስጥ፣ ከደረበ ትከሻ በስተቀኝ፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ ያዘቀዘቁ አንዲት አሮጊት ወንበር ዘርግተው ሲቀመጡ አየ።

«ምንይችል» አለ ደረበ፣ «እናትህ የፍቅር ዘፈኔ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ለቅሶ አይደለም!»

«ዘፈኑን ሲለማመደው ሰማሁት፣ ሰማሁት። ለቅሶ ነው» አሉ እትየ ባየሽ። «ደግሞስ ቢሆነኝ የትኛውን ፊልም እንደሚያይ በምን ይታወቃል? ሦስት ከቀረሁ እሰረዛለሁ፤ እኔ ከተሰረዝሁ አንተ ልጄ ያለ ድንኳን ልትቀር ነው። በል፣ ቅረጽ!»

ደረበ ማሲንቆውን ቃኘ። እትየ ባየሽ ወደ ብርሃኑ ትንሽ ወጣ ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ምንይችልም ጆንያውን ከካሜራው ላይ አነሣና ቀረጸ።